ዳቦዬ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ምን አጥፍቼ ነው?

ጀማሪዋ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። እባካችሁ ሳትስቁ አንብቡኝ።

ቤታችን አምስት ነፍስ ነው። ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው። ጠዋት ዳቦ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ዳቦ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳቦ። የሱቁ ዳቦ ደግሞ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ትንሹ ልጄ በሁለት ጉርሻ ነው የሚጨርሰው። ባለፈው ወር «ለምን ራሴ በርካሽ አልጋግርም?» ብዬ ተነሳሁ። እንጀራ እጋግራለሁ፤ ዳቦ ግን በሕይወቴ ደፍቼ አላውቅም። እናቴ ስትደፋ አጠገቧ ቆሜ ነው ያደግሁት። ማየት ብቻውን አያስተምርም ለካ።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱም ከሸፈ። አሠራሩን የወሰድኩት ከአንድ ቪዲዮ ነው። አራት ኩባያ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ቆንጠር ጨው። አቡክቼ ሳፋ ውስጥ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ኩፍ አለ፤ ኧረ ክዳኑን ሁሉ ገፋው! ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። ገበያ ደርሼ ስመለስ ግን መሃሉ ስምጥ ብሎ ጠበቀኝ። እንደዚያው ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አደረግሁት። የወጣው ከላይ የተጨማደደ፣ ከታች ድንጋይ፣ ሽታው ደግሞ ጠላ ጠላ። ባለቤቴ «ጌሾ ጨመርሽበት እንዴ?» አለኝ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሙከራ እርሾ ጨመርኩበት፤ ባሰበት።

የዱቄት ዋጋ ታውቁታላችሁ። አራተኛ ጊዜ ለማበላሸት አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

ሰሊጥ (2፡25)

እህቴ፣ እርሾሽ ሞቷል። የቆየ ሸጠውልሽ ይሆናል። ሌላ ሱቅ ቀይሪና መጠኑን ጨምሪው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሆኜ ነበር።

አቤል_የካዛንቺሱ (2፡31)

ጌሾውን ትተሽ ብቅል ብትጨምሪበት ግን ነፍ ገበያ አለው 😂

ጀማሪዋ (2፡33)

አቤል፣ ሳትስቁ ብዬ ነበር እኮ።

ባለምድጃው (2፡58)

ዳቦ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን የሌሊት ተረኛ ሆኜ። እስቲ ልናገር።

የሞተ እርሾ ክዳን አይገፋም። ሰሊጥ፣ አትቀየሚኝ፤ ምክርሽ ለሌላ በሽታ የሚሆን መድኃኒት ነው። የሞተ እርሾ ያለበት ሊጥ ጭራሽ አይነሳም። የዚህች እህት ሊጥ ተነስቶ፣ ተነፍቶ፣ አልፎበት ነው የወደቀው። የጠላ ሽታውም ከዚያው የመጣ ነው። እርሾ ስኳር ሲበላ የሚያወጣው ጋዝና አልኮል ነው። ጋዙ ሊጡን ይነፋል፣ አልኮሉ ምጣድ ላይ ይተናል። እርሾው ሲበዛና ሰዓቱ ሲረዝም ግን ሽታው አይለቅም፤ ሊጡም ጋዙን መያዝ ያቅተዋል።

አሁን ሦስት ነገር መልሺልኝ። የት ነው የምትኖሪው? ሊጡን ስንት ሰዓት ተውሽው? እርሾው ደረቁ፣ ደቃቁ ነው?

ጀማሪዋ (3፡05)

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ገበያ ሄጄ ስለነበር አራት ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም። እርሾው ደረቁ ነው፣ እንደ ሰሊጥ ደቃቅ የሆነው። (አንቺን ማለቴ አይደለም ሰሊጥ 🙂)

ባለምድጃው (3፡30)

በቃ፣ ታወቀ።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አራት ኩባያሽ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ በሦስት ኪሎ ዱቄት እርሾ ነው ግማሽ ኪሎ ያቦካሽው። ስኳሩ ደግሞ ሌላ ቀለብ ሆኖለታል። ጨው ይቆጣጠረው ነበር፤ አንቺ ቆንጠር ብቻ አደረግሽ።

ሌላው ጉዳይ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል። ውጭ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ «ሁለት ሰዓት ጠብቁ» ሲልሽ እዚህ በአንድ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ሰዓት አትዪ፣ ሊጡን እዪ።

መጀመሪያ የምትሠሪው ይኼን ነው። ሚዛን አትግዢ። ባለሱቁ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት መዝኖ ይስጥሽ፤ እሱ ነው ሚዛንሽ። ውሃውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ለኪ። የ600 ሚሊ ሊትሩ ግማሽ 300 ነው፣ እሱ ይበቃሻል። ጨው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ እርሾ አንድ። ስኳር ከፈለግሽ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ካልፈለግሽ ተዪው። ዱቄቱ ውስጥ ለእርሾው የሚበቃ ምግብ አለ።

ውሃው ለብ ይበል እንጂ አይሙቅ። የሕፃን ወተት እጅሽ ላይ ጠብ አድርገሽ እንደምትሞክሪው ሞክሪው። ከ55 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ያኔ ሰሊጥ ትክክል ትሆናለች።

ስታቦኪ እጅሽ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት አትጨምሪ! ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሲጣበቅበት እፍኝ ይጨምራል፣ ሲጣበቅበት እፍኝ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ጡብ ይጋግራል። ይልቅ ሸፍነሽ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዪው። ዱቄቱ ውሃውን ሲጠጣ መጣበቁ በራሱ ይቀንሳል። ከዚያ እጅሽን ዘይት ቀብተሽ አሥር ደቂቃ እሺው።

ቨርጂኒያ_01 (እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

ወንድሜ የጻፈው አሪፍ ነው። እኔ ግን ውሃውን ግማሽ በግማሽ በወተት እቀይራለሁ፤ አንድ እንቁላልና ቅቤም አለው። በ375 ዲግሪ 35 ደቂቃ። መሃሉን በቴርሞሜትር ወግቼ 205 ሲል አወጣዋለሁ። አንድም ቀን አበላሽቼ አላውቅም።

ባለምድጃው (2፡15)

እህቴ፣ የምትይው በፋራናይት ስለሆነ እዚህ ላሉት ልተርጉመው። 375ቱ 190 ሴልሺየስ ነው፣ 205ቱ ደግሞ 96። አሁን ልብ በይ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። የዳቦ መሃል ውሃ እስካለው ድረስ ከዚያ ብዙም አያልፍም። 96ን የሚጠብቅ ሰው እዚህ ከሰል ነው የሚያወጣው። አንድ ጓደኛዬ ከልጁ የተላከለትን ቴርሞሜትር ይዞ በዚሁ ምክንያት ሁለት ዳቦ አክስሏል።

ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ደግሞ ጣፋጭ ነው፣ አልክድም። ግን ርካሽ ነው የተባለው።

ቨርጂኒያ_01 (2፡40)

ሃሃ፣ እሺ ተሸነፍኩ። እናንተ ጋ ወተት ውድ መሆኑን ረሳሁት። የምፈላበትን ዲግሪማ ጭራሽ አላውቅም ነበር።

አቤል_የካዛንቺሱ (2፡44)

«የምፈላበትን» 😂😂 አንቺ በስንት ትፈያለሽ?

እማማ_ዘርፌ_ቤት (5፡20)

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ ፊደሉን አውቃለሁ፣ ስልኩ ነው የማያውቀኝ።

ዳቦ በእርሾ ፓኬት ብቻ አይደለም። እኛ ከቡሃቃው ላይ የጤፉን እርሾ ቀንሰን ማታ ስንዴውን እናቦካለን፣ ጠዋት እንደፋለን። እርሾ አትገዢም ማለት ነው። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ግን ሦስት ቀን ቢቀመጥ አይደርቅም። ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ ጣል ካደረግሽበት ሽታው ጎረቤት ይጠራል።

ምጣዱ ላይ ኮባ እናነጥፋለን። ኮባው እንዳይቀደድ መጀመሪያ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል። ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ከላይ ብረት ምጣድ ይደፋበትና ፍም ይጫንበታል። እሳት ከላይም ከታችም ማለት ነው። የመብራት ምጣድ ከላይ እሳት የለውም። ስለዚህ መገልበጥ ግድ ነው። ልጅቷ አልገለበጠችም መሰለኝ፤ ከታች ድንጋይ ያለችው ለዚያ ነው።

ጀማሪዋ (6፡02)

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ አልገለበጥኩም! ይፈርሳል ብዬ ፈርቼ።

እማማ_ዘርፌ_ቤት (6፡30)

ላዩ ሳይደርቅ ከገለበጥሽው ይፈርሳል። ጣትሽን ስታሳርፊበት ካልተጣበቀ አይፈርስም። ሰፌድ ላይ አንሸራተሽ አውጪው፣ ሌላ ሰፌድ ከላይ ግጠሚበት፣ ገልብጪው፣ መልሰሽ ወደ ምጣዱ አንሸራቺው። ሰው ካለ ያግዝሽ። አክንባሎውን አትርሺ።

(አያቴ የጨረሰች መስሎኝ ስልኩን ልወስድ ስል «ጨው እንዳትረሳ በላት» አለችኝ። ፀሐፊው።)

የነታንያዋ (ከቀኑ 8፡15)

ሰላም ከእስራኤል። እኛ ቤት ለሰንበት ዳቦ የሚጋገረው ዓርብ ነው። እናቴ ኦቨን እያላት በኦቨን አትጋግርም። ወፍራም የማያጣብቅ ድስት ውስጥ፣ ጋዝ ላይ፣ ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋ ነው። ኮባ እዚህ የለማ። እሳቱ ከትንሹም ትንሽ ይሁን። ክዳኑ በደንብ ይግጠም፤ ከክዳኑ ሥር ጨርቅ ካደረግሽ ላቡ ዳቦው ላይ አይንጠባጠብም። የጨርቁን ጫፍ ግን ወደ ላይ እጠፊው፣ እሳት እንዳይነካው። ለግማሽ ኪሎ 20 ደቂቃ በአንድ ወገን፣ 15 በሌላው።

ምጣዱ አልሆን ካለሽ እንዲህ ሞክሪ። መብራትም አትፈሪም።

ተማሪው (8፡40)

ቤቱን ሁሉ ያላችሁ ሰዎች ደስ ትላላችሁ። እኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት ነው ያለኝ። የምሠራው ህብስት ነው። ሊጡ ያው የባለምድጃው ነው። በዘይት የተቀባ የእንጀራ ወጥ ሳህን ውስጥ ይነሳል። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ፣ መሃሉ ላይ የተገለበጠ ቆርቆሮ፣ ሳህኑ ከላዩ። ክዳኑን በፎጣ ጠቅልዬ አንድ ሰዓት በእንፋሎት። ቅርፊት የለውም፣ ነጭና ለስላሳ ነው፣ አያርርም። ውሃው እንዳያልቅ ብቻ በመሃል ማየት ነው። እኔ አንዴ ፈተና እያጠናሁ ረስቼው የድስቱ ቂጥ ወጥቷል።

ሰሊጥ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ባለምድጃው፣ አልተቀየምኩም፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በእውነት ይረክሳል? ዱቄቱ፣ እርሾው፣ መብራቱ፣ ድካሙ። እኔ አስቤው ከሱቅ ብዙም አይለይም ብዬ ትቼዋለሁ።

ባለምድጃው (2፡35)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ስለሚቀየር። ስሌቱን ግን ያዢ፣ የሰፈርሽን ዋጋ ራስሽ አስገቢበት።

አንድ ኪሎ ዱቄት፣ 600 ግራም ውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ጋር 1,620 ግራም ገደማ ሊጥ ይሆናል። መቶ መቶ ግራም ብትቆርጪው 16 ይወጣል። ሲጋገር ውሃ ስለሚተን እያንዳንዱ 87 ግራም አካባቢ ይቀራል። አሁን የሱቁን ዳቦ ሚዛን ላይ አስቀምጪ። አትክልት የሚሸጡት ጋ መመዘን ይቻላል፣ ይስቁብሻል እንጂ። እና የአንድ ኪሎ ዱቄትን ዋጋ ለ16 አካፍይ።

የሚያመልጠው መብራቱ ላይ ነው። የእንጀራ ምጣድ ኃይለኛ ነው፣ ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል። ለአንድ ዳቦ ብለሽ ከቀዝቃዛ ብታሞቂው ትርፉ እዚያው ይቀልጣል። እንጀራ በጋገርሽበት ቀን መጨረሻ ላይ ድፊው። ምጣዱ እንደጋለ ነው፤ አምስት ደቂቃ አብሪ፣ አምስት ደቂቃ አጥፊ እያልሽ በተረፈው ሙቀት ይበስላል።

እርሾም ትንንሿን ፓኬት በየጊዜው የሚገዛ ሰው ይከስራል። ትልቁን ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። ክዳኑ የሚጠብቅ ጠርሙስ ውስጥ ፍሪጅ ብታስቀምጪው ለወራት ይቆያል።

ድካሙን አላሰላሁም። እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

ሰሊጥ (2፡50)

ድካሙ ነው እኮ ዋናው 😅

የወሎዋ (3፡10)

ፉርኖው ለከበዳችሁ፣ ስንዴ ገዝታችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩና ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። ገፈቱ ስላለበት ውሃ ይጠጣል፤ ለግማሽ ኪሎ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። የገብስ ዱቄትም ይሆናል፣ ግን ከአምስት እጅ አንድ እጅ አይለፍ፤ ከበዛ አይነሳም። የተቀቀለ ድንች ፈጭቶ መጨመርም አለ። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ሁለት መካከለኛ ድንች፣ ውሃውን ቀነስ አድርጋችሁ። ልጆች ኬክ ነው ይላሉ።

ጀማሪዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ሪፖርት!

አራተኛው ሙከራ። ባለሱቁ ግማሽ ኪሎ መዘነልኝ፣ ውሃውን በሃይላንድ ለካሁ። እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳደርግ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያቺ ትንሽዬ ነገር ምን ታደርጋለች ብዬ። ሊጡ ሲጣበቅብኝ ዱቄት ልጨምር እጄን ሰደድኩና የባለምድጃው ጡብ ትዝ አለኝ። ሸፍኜ ተውኩት። እውነትም በአሥራ አምስት ደቂቃ ሌላ ሊጥ ሆነ።

በአንድ ሰዓት ከሩብ እጥፍ ሆነ። ገበያ አልሄድኩም! ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ምጣድ ላይ አደረግኩት፣ ስምንት ደቂቃ እንደቆየ መብራት ሄደ። ልቅሶ ነበር የቀረኝ። የነታንያዋ ትዝ አለችኝና ዘይት የተቀባ ድስት ውስጥ ገልብጬ ቡታጋዝ ላይ፣ ትንሽ እሳት። ቅርጹ የተጠመዘዘ ባርኔጣ መሰለ። ግን ሽታው ዳቦ ነው። የጠላው ሽታ የለም። ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሊጥ ሊጥ ይላል።

ባለቤቴ ምንም አላለም። ሦስት ቁራሽ በላ።

የነታንያዋ (3፡31)

እልልልል! ለእናቴ አነበብኩላት። «ወዲያው ቆረጠችው እንዴ?» ብላለች።

ጀማሪዋ (3፡33)

ኧረ በስማም፣ እንዴት አወቀች? እንደወጣ ነው የቆረጥነው።

ባለምድጃው (3፡50)

ሊጥ ሊጥ ያለሽ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ሌላው መብራቱ። ዳቦ ከእሳት ሲወጣ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጨርቅ ላይ ይረፍ። መብሰሉን ለማወቅ ገልብጠሽ ቂጡን በጣትሽ አንኳኪ፤ ባዶ ሣጥን የሚመስል ድምፅ ካለው በስሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። እጥፍ መሆኑን በዓይን ከምትገምቺ፣ ጣትሽን ዱቄት ነክረሽ ሊጡን ወጋ አድርጊው። ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ይቆይ። ቀስ ብሎ ግማሽ ከተመለሰ ጊዜው ነው፣ ወደ ምጣድ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ያኔም አትጣዪው። ጋዙን አስተንፍሰሽ፣ እንደገና ድቡልቡል አድርገሽ ለአጭር ጊዜ አንሺው። ያ የመጀመሪያው ሊጥሽ ሳፋ ውስጥ ሳለ መዳን ይችል ነበር።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰዓቱ ይረዝማል። ማታ አቡክቶ ማሳደር ይቻላል፤ እርሾውን ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ አድርጊ። ለእርሾም ለኪስም ይቆጥባል፣ ጣዕሙም ይሻላል።

አቤል_የካዛንቺሱ (4፡05)

እኔ ቀልዴን ትቼ ልጠይቅ። ኮባ አዲስ አበባ የት ይገኛል? እማማ ዘርፌ አስጎመጁኝ።

እማማ_ዘርፌ_ቤት (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

የበዓል ሰሞን ገበያው ሁሉ ኮባ ነው፣ ዶሮ ተራ አጠገብ አታጣም። ከዚያ ውጭ እንሰት ግቢው የተከለ ጎረቤት ፈልግ። አንድ ቅጠል ለምነህ ውሰድ፣ ዳቦውን ስትደፋ አንድ ቁራሽ መልስለት። እንዲያ ነው የሚገኘው።

ጀማሪዋ (እሑድ፣ ከቀኑ 10፡45)

ዛሬ እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ የአንድ ኪሎ ሊጥ ደርሶ ጠበቀኝ። በጋለው ምጣድ ላይ ትንንሽ አድርጌ ደረደርኩት፣ አብሪ አጥፊ እያልኩ፣ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ግማሽ ሰዓት ጨርቅ ላይ አረፉ። የእማማን ጥቁር አዝሙድ በግማሹ ላይ ነሰነስኩ።

ባለምድጃው (10፡58)

16 ወጣልሽ?

ጀማሪዋ (11፡04)

ወደ ምጣዱ 16 ገብቷል። ከጨርቁ ላይ የቆጠርኩት ግን 15 ነው። ጉዳዩ በትንሹ ልጄ ላይ እየተጣራ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ጥቁር አዝሙድ ተገኝቷል።